አፈሙዝ ላይ የሚቆም መጽሐፍ

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገመገመው ልቦለድ፣ የግጥም መድበል ወይም የታሪክ መጽሐፍ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ማንም ከሥነ ጽሑፍ የማይቆጥረውን ዓይነት መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም አሜሪካኖች በየቤታቸው ጥይት ሲሞሉ አጠገባቸው የሚዘረጉት የአሞላል መማሪያ ነው። አንባቢ «ይህን ደግሞ ምን አመጣው?» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን እዚህ ኮሎራዶ፣ ከእኛ ሰዎች መካከል ጥቅምት ሲገባ ጠመንጃ ይዘው ወደ ተራራ የሚወጡ አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የፋብሪካ ጥይት መግዛት ትተው በገዛ እጃቸው መሙላት ጀምረዋል። ያደኑትንም ሥጋ እንደ ልማዳችን እንደ ቅርጫ መድበው ለየቤቱ ያካፍላሉ። ስለዚህ መጽሐፉ የሚነካው አዳኙን ብቻ ሳይሆን አደን ሄዶ የማያውቀውን ጎረቤቱንም ነው።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በታክሲዬ በኩል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የጠመንጃ ሣጥን የያዙ አንድ ሽማግሌ ጫንኩ። መንገድ ላይ አገር ቤት ሳለሁ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝ። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ እንደነበርኩ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ፊዚክስ ላሳይህ» አሉኝና ከሻንጣቸው አንድ ያረጀ የላይማን መጽሐፍ አውጥተው ሲወርዱ ትተውልኝ ሄዱ። በዚያው ሌሊት ወረፋ እየጠበቅሁ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ የሆርናዲን፣ ቀጥሎም የኖዝለርን አገኘሁ። ሂሴ በሦስቱም ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ጥይት የአራት ነገሮች ድምር ነው፤ ከናስ የተሠራው ቀለህ፣ ባሩዱ፣ አረሩና ከቀለሁ ቂጥ የምትቀመጠው ፕራይመር የምትባል ትንሽ እሳት ጫሪ። ጥይቱ ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፤ ቀለሁ ግን ይቀራል። የሚሞላው ሰው ቀለሁን ለቅሞ ያጸዳዋል፤ በእጅ በሚጫን መሣሪያ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አስገብቶ በተኩሱ የሰፋውን ያጠብበዋል፤ የተቃጠለችውን ፕራይመር አስወጥቶ አዲስ ያስገባል፤ ባሩዱን መዝኖ ይጨምራል፤ በመጨረሻም አረሩን አፉ ላይ ይሰካዋል። የሚመዝነው በግሬን ነው። ግሬን የእህል ፍሬ ማለት ሲሆን ክብደቱ 0.0648 ግራም ነው፤ ሚዛኑም የአንዱን ግሬን አንድ አሥረኛ ይለያል።

ጥይት ቆጥሮ መያዝ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት በገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራበት ነበር፤ ባሩድም በአገር ውስጥ ይቀመም ነበር። እኔ የምሞላው .30-06 የሚባለው ጥይትም ቢሆን የአሜሪካ ጦር በ1906 የተቀበለው፣ የቃኘው ሻለቃ ልጆች በኮሪያ ዘመቻ የያዙት ኤም ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰው ነው። አሜሪካዊው የሚሞላው ግን ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛ ለገዛ ጠመንጃው የሚስማማ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ፣ ኢላማ የሚሰበስብ ጥይት ማግኘት፤ ሁለተኛ ለሚያድነው እንስሳ የሚሆነውን አረር ራሱ መምረጥ። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላሉ። አለመሆናቸውን የተማርኩት በኪሳራ ነው።

ምስጋናውን ላስቀድም። በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት «ለካ፣ ጻፍ» እያሉ ለምን እንደሚለካ የማይነግሩ ብዙ መማሪያዎች በእጄ አልፈዋል። እነዚህ ሦስት መጻሕፍት ግን ከመነሻቸው ልክን የሚያስተምሩት በአክብሮት ነው። ለእያንዳንዱ ባሩድ መነሻ መጠንና ከፍተኛ መጠን ይሰጣሉ፤ ከመነሻው ጀምር፣ በጥቂት በጥቂቱ ውጣ፣ የፕራይመሯን መደፍጠጥና የጠመንጃውን አልከፈት ማለት እያየህ ቁም ይላሉ። ላይማን ለየመጠኑ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን በጠመንጃው ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት ጭምር ያትማል። ሆርናዲ ሠንጠረዡን በፍጥነት ደርድሮ አንባቢው የሚፈልገውን ፍጥነት ይዞ ወደ ባሩዱ እንዲሄድ ያደርጋል። ኖዝለር ደግሞ ባሩዱ ከቀለሁ ውስጥ ከመቶ ስንቱን እንደሚይዝ ይጽፋል። እያንዳንዱ የራሱ ጥሩ ጎን አለው።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። የ.30-06 ጥይት ግፊት ከፍተኛው ወሰን በአንድ ስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው። የታክሲዬ ጎማ የሚይዘው 35 ነው። እንግዲህ ተኳሹ ጉንጩን አስጠግቶ የሚያፈነዳው የመኪናውን ጎማ ግፊት 1,700 ጊዜ የሚያህል ነው። ግፊቱ ደግሞ ከባሩዱ ጋር እኩል እኩል አይወጣም፤ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ጥቂት ጭማሪ ብዙ ግፊት ያስከትላል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚለው የአባቶች አባባል እዚህ አይሠራም፤ የሚለቀም ነገር ላይተርፍ ይችላልና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም የባሩድ መጠን ያልጠቀስኩት ለዚሁ ነው። የባሩድ መጠን የሚነበበው ከመጽሐፉ እንጂ ከወዳጅ አፍ ወይም ከመጽሔት አይደለም።

አሁን ወደ ሂሱ ልግባ። መጻሕፍቱ አረሩ ከአፈሙዝ እስኪወጣ ድረስ ያለውን በጥራት ያስተምራሉ። አረሩ ከወጣ በኋላ ያለውን ግን፣ ማለትም እንስሳውንና ሥጋውን የሚበላውን ሰው፣ ወይ በአንድ አንቀጽ ያልፉታል ወይ ጨርሶ አያነሡትም። ለኢላማ ተኳሽ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ለአዳኝ ግን ዋናው ነገር የሚጀምረው ከአፈሙዝ ወዲያ ነው።

አንደኛው ነቀፌታዬ ስለ ኢላማ ነው። ላይማን በየሠንጠረዡ ከተዘረዘሩት መካከል አንዱን መርጦ «ከሁሉ ይበልጥ ትክክለኛ ሊሆን የሚችል» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። «ሊሆን የሚችል» የምትለዋ ቃል እውነተኛ ናት፤ አንባቢ ግን አይቶ ያልፋታል። ምልክቱ የሚናገረው ስለ እነሱ የሙከራ ጠመንጃ ነው። የእኔ ጠመንጃ ሌላ ጠመንጃ ነው። የጎረቤቱን የፈተና ወረቀት የገለበጠ ተማሪ መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የደረሰው ጥያቄ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የአዳኞች ልማድ ይጨመርበታል። ልማዱ ሦስት ጥይት በ100 ያርድ ተኩሶ፣ ቀዳዳዎቹ በአንድ ኢንች ውስጥ ከገቡ «ጥይቴን አገኘሁ» ማለት ነው። አንዳንድ የጠመንጃ ፋብሪካዎችም ዋስትናቸውን የሚሰጡት በሦስት ተኩስ ነው። እስቲ እንደ አስተማሪ እንየው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ባለው ፈተና ተማሪን ጎበዝና ሰነፍ ብሎ የሚለይ መምህር ምን ይባላል? ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ በሦስት ተኩስ በአማካይ አንድ ኢንች የሚሰበስብ ጠመንጃ፣ ያው ጠመንጃ፣ በያው ጥይት፣ በአሥር ተኩስ በአማካይ 1.6 ኢንች ገደማ ይበትናል። ሦስት ሦስት እየተኮሱ ደግሞ ብዙ ወረቀት ቢበሱ፣ አንዱ ከሌላው እጥፍና ከእጥፍ በላይ ሆኖ ቢገኝ ምንም አይደንቅም፤ ጥይቱ ሳይለወጥ ማለት ነው። ስለዚህ ባሩዱን ግማሽ ግሬን ከፍ ዝቅ አድርጎ በሦስት ቀዳዳ የሚፈርድ ሰው የሚመርጠው ጥይትን ሳይሆን ዕድልን ነው። መጽሐፉ ይህን በሁለት ገጽ ቢያስረዳ የስንቱን ሰው ባሩድና ጊዜ ባተረፈ ነበር።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከፊተኛው ይከብዳል። በማስተማር ዘመኔ በግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሂስ ያለ ግለ ሂስ አይሞላም። ስለዚህ የራሴን ላውጣ።

መሙላት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ዓይነት አረር ሞከርኩ። አንዱ 180 ግሬን የሚመዝን፣ ማለትም 11.7 ግራም ገደማ፣ ዝግ ያለ አረር ነበር። ሁለተኛው 125 ግሬን፣ 8.1 ግራም ገደማ፣ ልብሱ ስስ የሆነ ፈጣን አረር ነበር። ፈጣኑ ሦስቱን ቀዳዳ አነካክቶ ሰበሰበልኝ። ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ ለባልንጀሮቼ አሳየሁ። አያቶቻችን ግዳይ ጥለው ይፎክሩ ነበር፤ እኔ ወረቀት በስቼ ፎከርኩ። ጉልበቱንም አሰላሁ። ከባዱ በሴኮንድ 823 ሜትር ሲወጣ 3,950 ጁል ገደማ ይይዛል። ቀላሉ በ945 ሜትር ሲወጣ 3,600 ጁል ገደማ። ልዩነታቸው አሥር በመቶ አይሞላም። የአስተማሪነቴ ትምክህት «በጉልበት እኩል ናቸው፣ በኢላማ ቀላሉ ይበልጣል» አሰኘኝ። ይዤው ወጣሁ።

ኤልክ የምትባለው ትልቅ አጋዘን፣ ሴቷ፣ 60 ሜትር ከማይሞላ ቦታ ከዛፍ መካከል ወጣችልኝ። ትከሻዋን አነጣጥሬ መታሁ፤ አረሩም ያልኩት ቦታ አረፈ። እሷ ግን አልወደቀችም። ዐሥር እርምጃ ያህል ደም አየሁ፤ ከዚያ ጠፋ። እስኪመሽ ፈለግሁ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቃ ወድቃ አገኘኋት፤ የበረሃ ውሾች ቀድመውኛል፤ ሥጋው ተበላሽቷል። ቆዳውን ከፍቼ ሳይ አረሩ ገና ትከሻው አጥንት ላይ ተበታትኖ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ቁስል ብቻ ትቶ ቀርቷል። ሳንባዋ የደረሰው ስብርባሪ ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ሳትሰቃይ አልቀረችም። በወረቀቴ ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች አሁንም እንደተነካኩ ናቸው።

ስህተቱ የእኔ ነው፤ የአረሩም የፋብሪካውም አይደለም። ያ አረር ለትናንሽ እንስሳት የተሠራ ነው፤ ይህም በመጽሐፉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ተጽፏል። እኔ ግን ያየሁት ሠንጠረዡን ነው፤ ሠንጠረዡም እንዲታይ ተደርጎ የታተመው እሱ ነውና። በአረር በረራ ሠንጠረዥም ሆነ በፋብሪካ ጥይት ሣጥን ጀርባ ላይ ፍጥነትና ጉልበት በቁጥር ተደርድረዋል። አረሩ ሥጋ ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚዘልቅ፣ አጥንት ሲያገኝ ምን እንደሚሆን፣ ከስንት ፍጥነት በላይ እንደሚበታተን የሚናገር ዓምድ ግን የለም። ጉልበት እንስሳ አይገድልም። እንስሳ የሚሞተው አረሩ እስከ ልብና ሳንባ ዘልቆ ደም ሲያፈስ ነው፤ ይህን የሚወስነው ደግሞ የአረሩ አሠራርና የሚያርፍበት ቦታ ነው።

የሚያስገርመው፣ ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱ የተወለደው ከዚሁ ችግር መሆኑ ነው። ጆን ኖዝለር በ1946 በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ የተባለውን ግዙፍ አጋዘን በፈጣን ጠመንጃ ሲመታ፣ አረሮቹ ጭቃ በለበሰው ቆዳ ላይ እየተበታተኑ እንስሳው አልወድቅ አለ። ከዚያ በኋላ በራሱ እጅ አዲስ አረር ሠራ፤ በ1948ም ኩባንያውን አቋቋመ። የአረሩ ዘዴ ቀላልና ድንቅ ነው፤ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ አለው፤ ከግድግዳው ፊት ያለው እርሳስ ይከፈታል፤ ከኋላ ያለው ሳይበታተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሰውየው የጠየቀው «ኢላማ ይሰበስባል ወይ?» ብሎ ብቻ አልነበረም፤ «ከደረሰ በኋላስ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ያንኑ ትምህርት ከ70 ዓመት በኋላ በሌላ እንስሳ ስቃይ ደገምኩት። የኖዝለር መጽሐፍ ስለ አደን አረር ከሁለቱ የተሻለ ቢናገርም፣ እሱም ቢሆን ወደ ሠንጠረዡ ሲደርስ የሚያወራው ስለ ፍጥነትና ስለ ባሩድ ነው።

ሦስተኛው ነቀፌታ ስለ ሥጋው ነው፤ እዚህ ላይ አደን የማይሄደውም አንባቢ ቢያዳምጠኝ እወዳለሁ። የእርሳስ አረር ፈጥኖ ሥጋ ሲመታ ከላዩ ጥቃቅን ስብርባሪ ይረግፋል። በራጅ ሲታይ ስብርባሪው ከቁስሉ ርቆ ተበትኖ ይገኛል፤ ብዙው በዓይን አይታይም፤ በጥርስም አይታወቅም። በ2008 የሰሜን ዳኮታ ጤና መሥሪያ ቤት ከፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ባደረገው ጥናት፣ የአደን ሥጋ የሚበሉ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ ከማይበሉት በመጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። መሥሪያ ቤቱም እርጉዝ ሴቶችና ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በእርሳስ አረር የተገደለ አጋዘን ሥጋ እንዳይበሉ መከረ። እርሳስ በሕፃን አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2019 ሐምሌ ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን በሙሉ ከልክላለች፤ በዚያ የተነሣው ነገር ግን በዋናነት የእርሳስ ስብርባሪ እየበሉ የሚሞቱት ትልልቅ አሞራዎች ጉዳይ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ያደንኩትን አጋዘን ለአምስት ቤት አካፈልኩ። ከአምስቱ በአንደኛው እርጉዝ ነበረች፤ በሌላው ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ጥሬውንም የቆረጥን ነበርን፤ ክትፎም ተሠራ። ማብሰልም ቢሆን እርሳስን አያጠፋም። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ሦስት መጻሕፍት አንብቤ ሳላውቅ መቅረቴ ነው የሚያስከፋኝ። በኋላ ሳውቅ ለአምስቱም ቤት ደውዬ ነገርኳቸው፤ ቀላል ስልክ አልነበረም። አንዲት እናት «አንተ የላክኸውን ማን ይጠረጥራል?» አለችኝ። ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም።

መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩ አረሮች አሉ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገበያ ላይ ናቸው፤ አይበታተኑም፤ ጥልቅም ይዘልቃሉ። ነገር ግን መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በያው ክብደት አረሩ ይረዝማል፤ ቀለሁ ውስጥም ብዙ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ለእርሳስ አረር የተጻፈውን የባሩድ መጠን ለመዳብ ማዋል አደገኛ ነው፤ የራሱ ሠንጠረዥ አለው። ቀስ ብሎ ሲበርም አፉ ላይከፈት ይችላልና ርቀት መቀነስ ያስፈልጋል። በእርሳስ የሚያድን ሰው ደግሞ ከቁስሉ ዙሪያ አብዝቶ ቆርጦ ይጣል፤ ለእርጉዝና ለሕፃን አይላክ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲሰማ «የአሞላል መጽሐፍ ስለ አሞላል ይጻፍ እንጂ ስለ ቅርጫ ምን አገባው?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሁለታችንም ታክሲ ነጂዎች ነንና በምናውቀው መለስኩለት። የመንጃ ፈቃድ ስናወጣ ያጠናነው መጽሐፍ ስለ ሞተር አሠራር አልነበረም፤ አብዛኛው ስለ ፍጥነት ወሰን፣ ስለ ርቀትና ስለ መቆም ነበር። መኪናን የሚያስነሣ እጅ መቼ እንደሚያቆም ማወቅ አለበት ተብሎ ነው። ጥይት የሚሞላ እጅም እንዲሁ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት አትግዙ አልልም፤ ያለ እነሱ መሙላት እብደት ነው። ላይማንን ለግፊቱ፣ ከእሱ ጋር የአረሩን ሠሪ መጽሐፍ ለዚያው አረር መያዝ ጥሩ ነው። እኔ ግን በእጄ አንድ ገጽ ጨምሬ ከመጨረሻው ሽፋን ላይ ለጥፌያለሁ። አራት ጥያቄ አለው። ከጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ተንበርክኬ፣ ከሦስት ሳይሆን ከአሥር ጥይት ስንቱን በሣህን ስፋት ውስጥ አገባለሁ፤ ያውስ ከምን ያህል ርቀት? አረሩ በዚያ ርቀት ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው፤ ሠሪው ለመከፈት ያስፈልገዋል ካለው ይበልጣል ወይ? ለብዙዎቹ የአደን አረሮች ይህ በሴኮንድ 550 ሜትር ገደማ ነው። በቅርብ ቢያጋጥመኝስ አጥንት ችሎ ይዘልቃል ወይ? አራተኛው፣ ሥጋውን የሚበላው ማነው?

ተንበርክኬ ስሞክር የእኔ ወሰን 180 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከጠረጴዛ ላይ ስተኩስ 400 ሜትር ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን በ310 ሜትር ላይ ጎኑን ሰጥቶ ለረጅም ጊዜ ቆመልኝ። በማስታወሻ ደብተሬ፣ ቀድሞ የባሩድ መጠንና የቀዳዳ ስፋት ብቻ እጽፍበት በነበረው ገጽ ላይ፣ ቀኑንና ርቀቱን ጻፍኩ። በሦስተኛው ዓምድ «አልተተኮሰም» ብዬ ሞላሁ።